የበረዶ ለኪው ቪብረንና ክፍቱ የፎቶ በር

ቪብረን ከእንጨት ድልድዩ ሥር፣ በረዶው ላይ በሆዳቸው ተዘርግተው አንድ ዓይናቸውን በሰረሰሩት ቀዳዳ ላይ እንደ ደፉ፣ ከበላያቸው የብስክሌት ፍሬን ሲጮኽ ሰሙ። ቀና አላሉም። ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ሰው በጥር ወር በሆዱ ተኝቶ ሲገኝ አላፊ አግዳሚው የሚጠይቀውን ጥያቄ ያውቁታል፤ መልሱንም ካዘጋጁት ቆይተዋል።

«አጎት ቪብረን! ሞቱ እንዴ?»

«ገና ነኝ። አምስት ሳንቲ ነው።»

«ምኑ?»

«በረዶው ነዋ! የእኔ ዕድሜ በሳንቲ አይለካም። ማነሽ አንቺ?»

«ኒንከ ነኝ፤ የጎረቤትዎ የልጅ ልጅ። አያቴን ልጠይቅ ከሌዋርደን እየመጣሁ ነው።»

«እንግዲያው ያደግሽው በቁመት ብቻ ነው። አጠያየቅሽ ያው የድሮው ነው» አሉና ማስመሪያቸውን ከቀዳዳው አውጥተው በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት።

ውድ አንባቢ፣ በኔዘርላንድ ሰሜን፣ የራሷ ቋንቋ ባላት በፍሪስላንድ ምድር፣ በተለይም በራይድቬርት መንደር፣ በረዶ ለኪነት እንደ ቀልድ የሚያዝ ሹመት አይደለም። ቦዩ ሲረጋ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም የመንሸራተቻ ጫማውን ከጣሪያ ሥር አውርዶ ስለቱን እየሳለ ይጠብቃል፤ ለኪው «ይቻላል» ሳይሉ ግን አንድ እግር በረዶ አይነካም። ቪብረን ይህን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሰጡ፣ እሳቸው በከፈቱት በረዶ ላይ የሰጠመ ቀርቶ ካልሲው የራሰ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሚኒስትር ቢሆን ሐውልት ያሠራ ነበር። ቪብረን ያላቸው አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ ማስመሪያና ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የበረዶ ማኅበሩ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ያለፉት ሁለት የብርድ ወቅቶች ቦዩን ሳያረጉ ስላለፉ፣ ዘንድሮ መንደሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ የእሳቸውን ቃል እየጠበቀ ነው።

ኒንከ ብስክሌቷን ከድልድዩ አስደግፋ ወደ ቦዩ ዳር ወረደች። በከተማ ድረ ገጾችን በሚጠብቅ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ፣ የተማረች ልጅ ናት።

«በመንገድ ስላገኘሁዎት ደግ ሆነ» አለች። «ዛሬ ጠዋት እናቴ በረዶው እንዴት ነው ብትለኝ የማኅበሩን ስም ጽፌ ፈለግሁ። ስከፍተው ነጠላ ጫማ ሊሸጡልኝ ሲመጡ ሌላውን ሳላነብ ዘጋሁት።»

ቪብረን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ተመልሶ መጣ?»

«መቼ ሄዶ ያውቃል?»

«ትናንት አባረርኩት እኮ! የጀመረው ሰኞ ነው። የባሕር ዳርቻ ነጠላ ጫማ። በጥር! የሱፍ ካልሲ ቢሸጥ እንኳ ከወቅቱ ጋር ይሄዳል ብዬ ዝም እለው ነበር። ብሰርዘው ተመለሰ። ደግሜ ብሰርዘው ከነጓደኛው ተመለሰ። ስለዚህ ትናንት ካስቀመጥኩት የቆየ ቅጂ ገጹን እንዳለ መለስኩት። አየሁት፤ ነጠላ ጫማ የሚባል የለበትም።»

«የትኛውን ቅጂ?»

«ጥሩውን» አሉ ቪብረን፤ ወደ መሰርሰሪያቸውም ዞሩ።

ይህችን «ጥሩውን» የምትል ቃል አንባቢ በአንድ እጁ ይዞ ይቆይልን፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

«እሺ፣ በሩስ?» አለች ኒንከ።

«የምን በር?»

«የገቡበት። በገጹ ላይ ማንም ሰው ፎቶ የሚልክበት ቦታ አለ አይደል?»

ቪብረን ይህን ሲሰሙ ተነሥተው በጉልበታቸው ተቀመጡ። ኩራታቸውን ለነካ ሰው በሆዳቸው ተኝተው ሊመልሱለት አይፈልጉም።

«አለ እንጂ! ያቺ የገጹ ነፍስ ናት። ከሰባቱም መንደሮች ማንም ቢሆን ያየውን በረዶ ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ምዝገባ የለ፣ የይለፍ ቃል የለ፣ ማነህ ምንድነህ የለ። በዐሥራ አራት ዓመት የደረሰው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ ገርሎፍ በበረዶ ፈንታ የላሙን ፎቶ ላከ። እሱም ላሟ ስለ ወለደችለት ነው።»

ገርሎፍ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው።

«ያቺን ቦታ የምታሠራዋ ፕለጊን የሚሏት ነገር ናት» አለች ኒንከ። «ሌላ ሰው ሠርቷት እርስዎ በገጹ ላይ የለጠፏት ትንሽ ፕሮግራም። መቼ ነው ያደሷት?»

«አላደስኳትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለደች ጀምሮ።» ልጅቱ ፊቷን በጓንቷ ስትሸፍን አይተው ቶሎ አከሉ፦ «ምክንያት አለኝ! አንድ ጊዜ ሌላዋን ባድስ የበረዶው ካርታ ወደ ግራ ሄደብኝ። ሰው ሁሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ የላም ግጦሽ ላይ ቦይ ሲፈልግ ከረመ። ከዚያ ወዲህ፣ የሚሠራ ነገር አይነካም ብያለሁ። በረዶም እንዲሁ ነው፤ የያዘ በረዶ አይደበደብም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቪብረን ግን ሞኝ አይደሉም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሞኝ የያዘውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ብልህ ሰው ምክንያቱንም አብሮ ስለሚይዝ ማስለቀቁ ሁለት እጥፍ ሥራ ነው።

«ደግሞስ» አሉ ቪብረን፣ ፊቷን መሸፈኗን እንደ ድል ቆጥረው፣ «ራይድቬርት ሦስት መቶ ሰው ናት። ማን ነው የሚጠላን? ምናችንን ሊሰርቅ? በረዶውን?»

«የሚጠላዎት የለም፤ የሚያውቅዎትም የለም። ይህን የሚያደርገው ማሽን ነው። በዓለም ላይ ያለውን ድረ ገጽ ሁሉ በተራ እየዞረ የበሩን እጀታ ይሞክራል። የተቆለፈውን ያልፋል፣ የተከፈተ ሲያገኝ ይገባል። የራይድቬርትን ስም እንኳ አስተካክሎ መጥራት አይችልም።»

«ሆላንዶችም አይችሉም።»

«እየቀለድኩ አይደለም፣ አጎት ቪብረን።»

«እኔም አልቀለድኩም። ስሚኝ ልጄ፣ በዚህ መንደር የጓሮ በር ተቆልፎ አያውቅም። በፊት በር የሚመጡት ቄስና ፖሊስ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ደስ የሚል ወሬ ይዘው አይመጡም። ወዳጅ በጓሮ ነው የሚገባ። ገጹንም የሠራሁት እንደ ቤቴ ነው።»

«በጓሮ የሚገባውን ሰው ግን ያውቁታል፤ በኮቴው ይለዩታል። አሁን አንድ የማያውቁት ሰው ገብቶ ጠረጴዛዎ ላይ ወረቀት ጥሎ ቢሄድስ?»

«አነበዋለሁ።»

«ወረቀቱ ‹ሚስትህን አስወጣ፣ ሳሎኑን የነጠላ ጫማ ሱቅ አድርገው› ቢልስ?»

«እስቃለሁ። ባውክየ ግን አትስቅም።»

«እርስዎ ይስቃሉ። ገጽዎን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ መሳቅ አያውቅም። የተጻፈ ትእዛዝ ካገኘ ይታዘዛል። ሰኞ የገባው ፋይል ፎቶ አይደለም፤ የፎቶ ስም የያዘ ትእዛዝ ነው። የእርስዎ ፕለጊን ‹ማነህ?› አለችው። ‹ፎቶ ነኝ› አላት። ‹እንኳን ደህና መጣህ› ብላ አስገባችው። ከዚያ በኋላ የላከው ከውጭ ሆኖ ስሙን ሲጠራው ሰርቨሩ ያነበውና የተባለውን ሁሉ ይፈጽማል። ነጠላ ጫማ ሽጥ ሲሉት ይሸጣል። ሁሉን አጥፋ ቢሉትም ያጠፋል።»

ቪብረን አገጫቸውን አሹ። «ታዲያ ፕለጊኗን የሠራው ሰውዬ መጀመሪያውኑ አጣርቶ አይሠራትም ነበር?»

«ማጣራት ነበረበት። አላጣራም። ሲነገረው ግን አፍሮ ጠገናት፤ የተጠገነችውንም ለሁሉ ከላከ ሁለት ዓመት ሆነው። እሱ ቸኩሎ አጠፋ፣ እርስዎ ዘግይተው። የቀረው የእርስዎ አንድ የጣት ንክኪ ነበር።»

ቪብረን ወደ ቀዳዳው አጎንብሰው የለኩትን እንደገና ለኩት። ያው አምስት ሳንቲ ነበር። ኒንከ ዐረፍ ብላ ዙሪያውን ስታይ ቆየችና በሌላ በኩል መጣች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ ድልድይ ሥር ለምን ሰረሰሩ? ያ ማዶ ያለው በረዶ ጥቁርና አስቀያሚ ነው። ይሄኛው ግን ነጭ፣ ውብ፣ ወፍራም ይመስላል።»

«ስለሚመስል ነዋ!» ቪብረን ሞቅ አላቸው፤ እዚህ ላይ መምህሩ እሳቸው ናቸው። «አመዳይ ሲለብስ ሁሉም ያምራል። ከድልድይ ሥር ግን ብርዱ አይገባም፤ ውሃው ይሞቃል፣ በረዶው ይሳሳል። ያ ጥቁሩ ስምንት ሳንቲ ነው፤ ይሄ ቆንጆው አምስት። መልክ አይቶ በረዶ የሚከፍት ሰው ለኪ አይባልም፤ ቀባሪ ነው የሚባል።»

«ሰው ደውሎ ‹እኛ ጋ ዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሆኗል› ቢልዎትስ?»

«ሄጄ እሰረስራለሁ።»

«ገርሎፍ ቢሆንም?»

«በተለይ ገርሎፍ ከሆነ።»

«እንግዲያው አጎት ቪብረን» አለች ኒንከ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም በረዶ ስሙን ብቻ ነግሮዎት አላለፈም። ገጽዎ ግን ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጠየቀው ስም ብቻ ነው። እርስዎ የመሰርሰሪያ ሰው ሆነው ሳለ ማኅበሩን የሚጠብቀው ዘበኛ መሰርሰሪያ የለውም።»

ሽማግሌው ማስመሪያቸውን ደግመው በእጅጌያቸው ጠረጉ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን የገባውን ነገር ወዲያው መቀበል በራይድቬርት እንደ ችኩልነት ይቆጠራል።

«ምላስ አለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ቢሆንም፣ ነጠላ ጫማ ሰው አይገድልም።»

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ መንገዱ ላይ አንድ መኪና ቆመ። ከውስጡ አንዲት ጉንጯ በብርድ የቀላ ሴት ሁለት ልጆችና አንድ የወጥ ቤት ወንበር ይዛ ወረደች፤ በዚህ አገር ልጅ በረዶ ላይ መሄድ የሚማረው ወንበር እየገፋ ነውና። ልጆቹ የመንሸራተቻ ጫማቸውን መኪና ውስጥ አስረው ስለ ጨረሱ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገዱ ወደ ቦዩ ዳር ወረዱ። ሴትዮዋም ወንበሩን ከድልድዩ ዐሥር እርምጃ ወዲያ፣ ነጩ በረዶ ላይ አኖረችው።

«እንደምን ዋላችሁ! እኛ ነን የመጀመሪያዎቹ?»

«ቁሚ!» የቪብረን ድምፅ ከድልድዩ ሥር እንደ ደወል አስተጋባ። «ልጆቹን ያዢ! አንድ እግር እንዳይወርድ!»

ሴትዮዋ ሁለቱንም ልጆች በኮፍያቸው ይዛ ቀረች። «ምነው? ክፍት ነው ይላል እኮ!»

«ማነው የሚል?»

«ድረ ገጹ ነዋ!» ስልኳን አውጥታ አነበበች፦ «‹ሐሙስ፣ ጠዋት። ዐሥራ አራት ሳንቲ። ዙሪያው በሙሉ ክፍት ነው፤ ከድልድዮች ሥር ሳይቀር ይዟል። ልጆቻችሁን አምጡ! ቪብረን፣ የበረዶ ለኪ።› ከሥሩ ነጠላ ጫማ በቅናሽ ይሸጣሉ፤ እሱን ማስታወቂያ ነው ብዬ ነው።»

ቪብረን ወደ ዳር ወጥተው ስልኩን ተቀበሏት። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። እያንዳንዱ ቃል የእሳቸው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዕድሜያቸው ካዩት ሁሉ ባማረው በረዶ፣ ከደስታቸው ብዛት ቆመው የጻፉት ነው። ያን ሳምንት የገጹን ቅጂ ለማስታወሻ አስቀምጠውት ነበር። ትናንት ያመጡት «ጥሩው» ቅጂ ይህ ነው። ነጠላ ጫማው መጥፋቱን እንጂ ምን ተጽፎበት እንደ ነበር አላዩም። ቀኑን ሐሙስ ብለዋል፤ ዓመት ግን አልጻፉም። በረዶ ዓመት የሚቆይ ነገር ነው ብሎ ማን ያስባል? ዛሬም ሐሙስ ነው።

«ይህን የጻፈው ቪብረን የሚባለው ሰው የታለ?» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያስ?»

ቪብረን ስልኳን መለሱላት። እንደገና በሆዳቸው ተኝተው ወደ ወንበሩ ተሳቡ፤ ከጎኑ መሰርሰሪያውን አቁመው አዞሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዙር፤ ቡፍ ብሎ አለፈ። ጥቁር ውሃ ከቀዳዳው ፈልቆ በአራቱም የወንበሩ እግሮች ዙሪያ ተዘረጋ። ወንበሩን ወገባቸው ላይ በታጠቁት ገመድ ጎትተው አወጡት። ሴትዮዋ ልጆቿን ወደ ራሷ ጨመቀቻቸው፤ ትንሹ ልጅ ሲያለቅስ ትልቋ «ወንበሩ ሊሰጥም ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ኒንከ በዚህ ጊዜ «አላልኩዎትም?» ማለት ትችል ነበር። አላለችም፤ ትምህርት ሰውን ሊያስተምረው ከሚችለው ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

«ዝጊው» አሉ ቪብረን።

«ምኑን?»

«በሩን፣ ገጹን፣ ሁሉንም። አሁኑኑ።»

«የይለፍ ቃሉን ይስጡኝ።»

ቪብረን ቆባቸውን አውልቀው ከገበሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ኒንከ ስታነበው ቅንድቧ ተነሣ።

«ይህማ የማኅበሩ ስምና የተመሠረተበት ዓመት ነው! በገጹ አናት ላይ በትልቁ ተጽፎ የለም?»

«እንዳልረሳው ብዬ ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«ገጹ የተዘጋ ቀን እንዳልረሳው።»

ልጅቱ እዚያው ቦዩ ዳር ቆማ፣ በበረደ ጣቷ ስልኳን እየነካካች፣ የይለፍ ቃሉን ቀየረች፣ ገጹንም በሙሉ አወረደች። በምትኩ አንድ ባዶ ነጭ ገጽ ሰቀለችና «ምን ልጻፍበት?» አለች።

ቪብረን እያንዳንዱን ቃል እየመዘኑ አስጻፏት፦ «በረዶው አልደረሰም። ማንም እንዳይወርድ። ገጹ ሲናገር የዋለው የሦስት ዓመት ወሬ ነው። ሌባ ገብቶብን ነበር፤ በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳተውን ቅጂ የመለስኩትም እኔ ነኝ። ቪብረን።» ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን አስጨመሩበት።

«ይህን ‹እኔ ነኝ› የሚለውን ብንተወውም…»

«ይጻፍ! ስሜ በውሸት ሥር ተጽፎ ውሏል፤ በእውነት ሥርም ይዋል።»

ከዚያም ቪብረን ቀይ መሐረባቸውን በእንጨት ላይ አስረው ድልድዩ ላይ ቆሙ። እስከ ከሰዓት ድረስ ዐሥራ አንድ መኪና መጣ፤ ዐሥራ አንዱንም በሰላምታ ተቀብለው፣ ጥፋታቸውን ተናዝዘው፣ በሰላም መለሱ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እኔ እኮ ነጠላ ጫማውን ብዬ ነው የመጣሁ» ብለው ቀልደውባቸዋል። ቪብረን አልሳቁም።

የመጨረሻው መኪና ሲመለስ ኒንከንና ኮምፒውተሯን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በጓሮ በር ነው የገቡት። ሚስታቸው ባውክየ ማንኪያ የሚያቆም የአተር ሾርባ አቀረቡላቸው፤ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ ስለ ነበር ምንም አልጠየቁም።

ኒንከ የገባውን ፋይል አግኝታ ከፈተችው። ስሙ «ፎቶ አንድ» ይላል። ውስጡ ግን ሰማይም በረዶም የለም፤ ከላይ እስከ ታች የትእዛዝ መስመር ብቻ ነው።

«ይሄ ነው?» አሉ ቪብረን በሹክሹክታ፣ ፋይሉ እንደሚሰማቸው ሁሉ። «ይህን ሳላይ ነው ቅጂ የመለስኩት?»

«ቅጂ መመለስ ሌባው የበተነውን ዕቃ እንደ ጥንቱ መደርደር ነው» አለች ኒንከ። «ይጠቅማል። በሩ ካልተዘጋ ግን ያው ማሽን በበነጋው ይመጣል፤ መጥቷልም። መጀመሪያ በሩን እንዝጋ፣ ከዚያ ቤቱን እንፈትሽ፣ መጨረሻ ላይ ዕቃ እንደርድር።»

«ፎቶ መላኪያዋን እናስቀራት?» ሲሉ ድምፃቸው እንደ ሐዘንተኛ ነበር።

«ለምን ትቀራለች? ዘበኛዋ መሰርሰሪያ ይያዝ እንጂ! ከዛሬ ጀምሮ ፋይሉን ስሙን አንጠይቀውም፤ ሆዱን ከፍተን እናየዋለን። በእርግጥ ፎቶ ከሆነ፣ ገጹ ያየውን እንደ አዲስ ይሥለውና የመጣውን ይጥለዋል። ትእዛዝ ተሸሽጎበት ቢሆን በአዲሱ ሥዕል ላይ አይተርፍም። ይዞት የመጣውን ስምም ነጥቀን የራሳችንን ቁጥር እንሰጠዋለን። ከዚያ ለብቻው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በዚያ ክፍል ማንም ምንም ቢናገር የሚታዘዘው የለም። ሾልኮ የገባ ቢኖር እንኳ ተቀምጦ ይውላል እንጂ ማንንም አያዝም።»

«እንደ ገርሎፍ በስብሰባ ላይ» አሉ ባውክየ ሾርባ እየጨመሩ።

«የሚልክ ሰውም ይመዘገባል» አለች ኒንከ።

«ገርሎፍም?» አሉ ቪብረን።

«በተለይ ገርሎፍ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያን ቀን ቪብረን ፈገግ አሉ። ወንበራቸውንም ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ። በገጹ ላይ የተለጠፉት ፕለጊኖች ዐሥራ አንድ ሆነው ተገኙ።

«ይሄኛው ምን ይሠራል?»

«በገጹ ላይ አመዳይ ያዘንባል። ያምራል።»

«ይሄስ?»

«ለታላቁ ውድድር የቀሩትን ቀናት ይቆጥራል።»

«የትኛው ውድድር?»

«ያለፈው። ዐሥር ዓመት ይሆነዋል።»

«አሁን ስንት ቀን ቀረ ይላል?»

«ዜሮ።»

«አጎት ቪብረን፣ እያንዳንዱ ፕለጊን አንድ በር ነው። የማይገቡበትን በር ምን ያደርጉለታል?»

«ግንብ አድርጊው» አሉ ቪብረን፤ ከዐሥራ አንዱ ሦስት ብቻ ቀሩ። የቀሩትንም በየሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት፣ መሰርሰሪያቸውን በሚስሉበት ሰዓት፣ ሊያድሱ ቃል ገቡ። «ካርታው ወደ ግራ ቢሄድስ?» ብለው ግን ጠየቁ፤ ያቺ ቁስል አልዳነችም ነበር።

«መጀመሪያ ሰው በማያየው ቅጂ ላይ እናድሳለን። እዚያ ካልተንጋደደ በዋናው ላይ እናደርገዋለን።»

«ሰው ሳይወጣበት መሰርሰር ማለት ነው።»

«ልክ እንደሱ።»

«እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ ጠዋት ድልድይ ሥር ባልተጨቃጨቅን!»

«እንዲህ ብዬ እኮ ነው የጀመርኩት።»

«እንግዲያው ጮክ ማለት ነበረብሽ» አሉ ቪብረን፤ ሾርባቸውንም ጨረሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሰባቱ መንደሮች በረዶ ለኪዎች እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ። ቪብረን መሰርሰሪያቸውን ይዘው ተነሡና የሆነውን ሁሉ፣ የወንበሩን ነገር ሳይቀር፣ ሳይሸሽጉ ተረኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ለኪ «የእኛም ገጽ ያቺኑ ፕለጊን ነው የያዘው፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፣ ምንም አልሆነችም» አለ።

«በረዶም እስኪሰበር ድረስ ይሠራል» አሉት ቪብረን። «ስማኝ ወንድሜ፣ እኔም የሚሠራ ነገር አይነካም ባይ ነበርኩ። ሰው የሚያምነው ገጻችሁን አይደለም፤ ከሥሩ የተጻፈውን ስማችሁን ነው። የማታውቁት ማሽን ገብቶ ስማችሁን ምን ሥር እንደሚያኖረው አታውቁም። ያደሰ ሰው ምን ያገኛል ካላችሁ፣ እኔ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፦ ገጼ ፈጥኗል፣ ነጠላ ጫማው ጠፍቷል፣ ‹ክፍት ነው› ስል እናቶች ያምኑኛል። በሳምንት ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጅ። መሰርሰሪያዬን ለመሳል ከዚያ የበለጠ አጠፋለሁ።»

ስድስቱም መንደሮች በዚያው ሳምንት ፕለጊኖቻቸውን አደሱ። በሁለቱ ገጾች ላይ «ፎቶ አንድ» ገብቶ ተኝቶ ተገኘ፤ ገና አልተጠራም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ብርዱም አልከዳቸውም። ጥፋቱ በደረሰ በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ቪብረን ከድልድዩ ሥር በሆዳቸው ተኝተው ዐሥራ ሦስት ሳንቲ ለኩ። በሌሎቹ ድልድዮች ሥር ሁሉ ሰረሰሩና «ይቻላል» አሉ፤ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፈው። ቅዳሜ ጠዋት ቦዩ በሰው ሞላ። ያቺ ሴት ሁለቱን ልጆቿንና ያንኑ የወጥ ቤት ወንበር ይዛ መጣች፤ ልጆቹ ግን ቪብረን ራሳቸው ቀድመው ካልረገጡ አንወርድም አሉ። ረገጡላቸው። ወንበሩ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሄደ።

ቪብረን ይህን ፎቶ አነሡት፤ ወደ ቤትም ሮጠው ገጹ ላይ ሊሰቅሉት ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው ፎቶውን በጽሑፍ ሰነድ ውስጥ ለጥፈው፣ ከሥሩ ሁለት መስመር የደስታ ቃል ጨምረው፣ ስሙን «ፎቶ» ብለው ላኩት። ገጹ ትንሽ አሰበና ቀይ መልእክት አወጣ፦ «ይህ ፎቶ አይደለም። አልተቀበልነውም።»

ባውክየ ከወጥ ቤት የባላቸውን ጩኸት ሰምተው ማንኪያ እንደ ያዙ ሮጠው መጡ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመዋል።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«እሰይ! ባውክየ፣ እሰይ! እኔንም አላመነኝም!»

ባውክየ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቀዩን ጽሑፍ አነበቡት።

«አስተዋይ ገጽ ነው» አሉ፤ ወደ ሾርባቸውም ተመለሱ።